የደጋ ልክ

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከጣሊያኖቹ የካሚዮን ጋራዥ በር ላይ አንድ ሽበታም ሰው ይቀመጣል። ስሙን የጠየቀው የለም፤ «ባንዳው» እንለዋለን። ኮቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ የአንገቱ ማተብ ግን ንጹሕ ነው።

ሥራው በካሚዮኖቹ ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን መለካት ነው። መለኪያው የፈረስ ጭራ ነው። ለቆላ ዘጠኝ ፀጉር የምታስገባውን ይመርጣል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰባት ብቻ የምታስገባውን ይገጥማል። ስለዚህ ካሚዮኖቹ ወዴት እንደሚዘምቱ ከሁላችን በፊት ያውቃል። እጁ አንድም ቀን አይስትም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ዛሬ ሁሉንም ለደጋ ይቀይራል። አጠገቡ ወታደሮች የጎጆ ማቃጠያ ቤንዚን በቆርቆሮ ይጭናሉ። እሱ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአፉ እፍ ይላል፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል፣ ያጠብቃል።

ባለሱቋ ሐቢባ አላስችል አላት።

«እርስዎ፣ ደጋ ዘመድ የለዎትም እንዴ?»

«ነበሩኝ» አላት፣ ሰባቱን ፀጉር ቀዳዳዋ ውስጥ እየሰካ። «በሚያዝያ ለደጋ የሠራኋቸው ካሚዮኖች አንዳቸውም መንገድ ላይ አልቀሩም።»