ሦስት ጊዜ ሳይጠራ

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን አፍሽን ብትዘጊ ምን ነበረበት?»

እትዬ አስካለ ናቸው፤ ናዝሬት ገበያ፣ ከሽንኩርቱ ክምር ማዶ ቆመው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ያ ቀን ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ነበር። ያኔ የያዘኝ አባዜ ጃንሆይ ለበዓሎቻቸው መታሰቢያ ያስቀረጿቸውን ሜዳልያዎች መሰብሰብ ነበር። ለንጉሡ አልቅሼ አላውቅም፤ የምወደው መዳፍ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸውንና ቅዝቃዜያቸውን ነው። ሞጆና ዱከም ድረስ ሐራጅ እያሳደድኩ ሦስት ገዝቼ፣ የንጉሥ መልክ ቤት ማስቀመጥ ስለሚያስጠረጥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ደበቅኋቸው።

የእትዬ አስካለ ባል የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። በፖለቲካ ታስረው እዚያው ሲሞቱ ቀበሌው የቤታቸውን ዕቃ ወርሶ ለሐራጅ አወጣው። በሰፈራችን ታዲያ ያልተጻፈ ደንብ ነበር። የተወረሰ ሰው ዕቃ ሲሸጥ ሁሉም ይሰበሰባል፤ ቤተሰቡ የፈለገውን ዕቃ ግን ማንም አይጫረትበትም። እነሱ መነሻውን ይሰጣሉ፣ ሰዉ መሬት መሬቱን ያያል፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዕቃው ቤቱ ይመለሳል። አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር።

የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ከቀበሌው አጥር ጥግ የወደቀ ፓፓያ ይሸታል። አልጋው ሲሸጥም ሬዲዮው ሲሸጥም እትዬ አስካለ ዝም አሉ። ባላቸው ከጃንሆይ የተሸለሙት ሜዳልያ ሲወጣ ብቻ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ጊዜ!» አለ ሻጩ ጓድ። «ሁለት ጊዜ!»

«እጨምራለሁ» አልኩ። አባቴ ለታይፕ ትምህርት የሰጠኝ ብር ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰዉ ዞረ። «ኢሺን ማል ታቴ?» አለ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፤ ምን ነካት ማለቱ ነው። እትዬ አስካለ ጨመሩ። እኔም ጨመርኩ። ከዚያ እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ገባ።

«ጓዲት ንጉሥ ናፍቋታል!» ብሎ ቀለደ ሻጩ። ማንም አልሳቀም።

ቤት ገብቼ ሜዳልያውን ስገለብጠው ጀርባው ላይ በምስማር የተጫረ ስም አየሁ፤ የሟቹ። ቆርቆሮውን ከደንኩት። ከዚያ ወዲህ ሐራጅ የሚባል ቦታ አልረገጥኩም፤ በእትዬ አስካለ ደጅም ማለፍ ተውኩ።

እትዬ አስካለን ገበያ ባገኘሁ ማግስት ሜዳልያውን በመሐረብ ቋጥሬ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሰውየው ቆባቸውን ደፍተው፣ ሜዳልያው ደረታቸው ላይ።

መሐረቡን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

አልነኩትም። በአገጫቸው ፎቶውን አሳዩኝ።

«የእሱ ያውና። ይሄ ያንቺ ነው፤ ሰው ፊት ተጫርተሽ የገዛሽው።»

መልሼ ቋጠርኩት። በሩን እሳቸው ከፈቱልኝ፤ ወጣሁ።