በዘጠኝ ሰዓት የምውጠው ክኒን

በ2011 ዓ.ም. ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ሁዳዴ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንዴ በረት ውስጥ፣ አንዴ ማሳዬ ዳር። ሁለቱም ከበላሁ በኋላ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። አልተሰበርኩም። ሁለተኛውን ግን ትልቁ ልጄ አየ።

«አባየ፣ ዘንድሮ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንስጠው» አለኝ። «በሬ ጠምደህ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?»

«ራሴ እነሳለሁ።»

«ስትወድቅ አየሁህ እኮ።»

«ስነሳስ አላየህም?»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ፍርዷ ግን ከሱ ጋር ነበር። ልጄ ከሮቢት አንድ ጎልማሳ አነጋግሮ ኖሯል፤ ሰኞ መጥቶ መሬቱን ሊያይ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ የማሽላ ዘር ሲመረጥ እንኳ አይጠየቅም። ይበላል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ በቃ። መሞቱን አልፈራሁም፤ ይኸን ግን ፈራሁ።

ሁሉም «እርጅና ነው» አሉ። እርጅናን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ምድርን የሚያዞርብኝ ሌላ ነገር መሆን አለበት አልኩና ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጤና መኮንኗ የጎብዬ ልጅ ናት፣ ሙስሊም። አስተኝታ ግፊቴን ለካች፤ አስቁማ ደግሞ ለካች።

«ሲቆሙ በጣም ይወርዳል። ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ አባባ?»

የያዝኩትን ፌስታል ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አምስት ዓይነት ነው።

«ይኼ ሁሉ የእርስዎ ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

ከየት እንዳመጣኋቸው ነገርኳት። የግፊቱንና የጨጓራውን የሰጠኝ ያው ጤና ጣቢያው ነው። በኋላ እግሬ ሲያብጥ ወረፋው አስመርሮኝ ዋጃ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ ሁለት ጨመሩልኝ። ሌላ እንደምውጥ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። አምስተኛውን ጎረቤቴ ናት ያመጣችልኝ። ዛሬ ዛሬ በኛ ሰፈር ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ብርቱካን ይዞ፣ እሱን ያሻለውን ክኒንም ጨምሮ ነው። እሷም ጉልበቷን ያቆመላትን ይዛ መጣች። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ዋጥኩት።

ልጅቱ ሁለቱን ለይታ አስጠጋችልኝ። «እነዚህ አንድ ናቸው። ሁለቱም የግፊት።»

«እንዴት ተደርጎ? አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ።»

«ቀለሙን ፋብሪካው ነው የሚቀባው።»

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። እሽጉ ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ነው፤ እኔ በቀለም ነበር የምለያቸው።

«እግርዎን ያሳበጠው ይኼው የግፊቱ ክኒን ይመስለኛል፤ እጥፍ ሲሆን ባሰበት» አለች። «ዋጃ ደግሞ ላበጠው እግር የሚያሸና ሰጡዎት፤ እሱም ግፊቱን ያወርደዋል። የጎረቤትዎ ጨጓራዎን ያቆስላል። ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የሚውጧቸው?»

«እንደታዘዘው፣ ጠዋትና ማታ።»

«ሁዳዴ ነው እኮ አባባ።»

 ልጅ ፊት መዋሸት ለሽማግሌ አያምርም። «የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከበላሁ በኋላ» አልኳት። «ውኃ ከቀመስኩ ምኑን ጾምኩት?»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «እናቴም በረመዳን እንዲሁ ናት» አለች። «ሁሉንም ሰብስባ በማፍጠሪያ ትውጠዋለች። ስናገራት ደግሞ አንቺ ሐኪም የሆንሽው እኔ ጹሜ ነው ትለኛለች።»

«እውነቷን ነው።»

«ሁለታችሁንም አልቻልኳችሁም።»

ሦስቱን አስቀረች። ሁለት ተረፉኝ፤ የጨጓራው በዘጠኝ ሰዓት እህል ከመቅመሴ በፊት፣ የግፊቱ ስተኛ። ጾሜን አልነካችብኝም። «ከመቀመጫ ቀስ ብለው ይነሱ። በሁለት ሳምንት ይመለሱ፤ እስከዚያ እርፍ አይጨብጡ» አለችኝ።

ልጄን «የሮቢቱን ሰው ሁለት ሳምንት አቆየው» አልኩት።

«ሁለት ሳምንት ምን ይለውጣል?»

«መሬቱ የትም አይሄድም። አቆየው ብዬሃለሁ።»

አቆየው። ጎረቤቴ ሌላ እሽግ ይዛ መጣች፤ ብርቱካኑን ተቀብዬ ክኒኑን መለስኩላት፣ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ማዞሩ ቀለለ። በሁለተኛው እግሬ ጎደለ፣ ጫማዬ ሳይታገለኝ ገባ። ስመለስ ልጅቱ አስተኝታ ለካች፣ አስቁማ ለካች።

«አሁን ደህና ነው።»

«እርፉስ?»

«በጠዋቱ ብቻ። ረፋድ ላይ ያቆማሉ።»

ቤት ገብቼ ልጄን «ሰውየውን አይምጣ በለው» አልኩት። አፉን ሞልቶ እሺ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቹን ጠመድኩ። ልጄ መጥቶ ከማሳው ዳር ቆመ፤ ስወድቅ ሊያነሳኝ ይሁን ሊያይ አልጠየቅሁትም። የላይኛውን ጫፍ ከዳር እዳር አረስኩ። ረፋድ ላይ፣ እንደታዘዝኩት፣ ቀንበሩን ፈታሁ።