እትዬ ያልፈረሙት ወረቀት

ከምንሠራበት የዌስትቼስተሩ ሆቴል ኢሚግሬሽኖች ሲወስዱን የአልጋ አንሶላ በእጄ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ክፍል አጸዳ ነበር፤ በአዘቦት ቀን እዚያው ከተማ ፌርፋክስ አካባቢ የሃይስኩል መጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከምማራቸው ትምህርቶች አንዱ ሕግ ነበር። ኢሚግሬሽኖች ያጎሩን ክፍል መስኮት የለውም፤ የሲሚንቶ አግዳሚ፣ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ኤርኮንዲሽን።

አብረውኝ የተያዙት ሥራ ያስገቡኝ እትዬ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ወንድምሽን ደብቀሻል ተብለው ሦስት ዓመት ታስረዋል። አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ጠይቀው መልስ አልመጣላቸውም። ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነው፤ ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ኦፊሰሩ ወረቀት ሰጣቸውና በእንግሊዝኛ አንበለበለው። ገባዎት ወይ ሲላቸው «የስ፣ የስ» አሉ። አንድም ቃል አልገባቸውም! የእኛ ሰው እንደሆነ ባለሥልጣን ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ይመስለዋል። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ፣ ዳኛ ፊት መቅረብ አልፈልግም ይላል። ማንም ሰው ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም ተብለን የተማርነው ባለፈው ሳምንት ነው። ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ እንዳይፈርሙ። መልሰው ሊልኩዎት ነው» አልኳቸው።

«ዝም በይ ልጄ። እዚያ እስር ቤት አልፈርምም ያለችውን ምን እንዳደረጓት በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

እናቴ ብታይ በቁሜ ትቀብረኝ ነበር፤ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ነጠቅኩት። ዳኛ ይፈልጋሉ አልኩት ለሰውየው። ሎየር ነሽ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሃይስኩል የሕግ ክላስ ቴክ አድርጌያለሁ ስለው ይባስ ሳቀ። አንቺን አይደለም የጠየቅኩት ብሎ ወደሳቸው ዞረ።

 እትዬ ተነሡ፣ የሆቴሉን ሽርጥ አስተካከሉ፣ ወረቀቱን እንደ ወጉ በሁለት እጃቸው መለሱለት።

«ኖ። ጃጅ» አሉት።

ሰውየው ወጥቶ ሲሄድ ተቀመጡ። «ያኔ ዱላውን ፈርቼ ወንድሜን ደብቄዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሦስት ዓመት ያሰሩኝ በዚያች ፊርማ ነው» አሉኝ።

እኔን ማክሰኞ ወረቀቴን አጣርተው ለቀቁኝ። ሰኞ የሕግ ፈተና ነበረን፤ ስላልተገኘሁ ዜሮ ተሰጠኝ። እሳቸውን ከወራት በኋላ ዳኛ ሰማቸውና አሳይለም አገኙ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ንዴቴ ግን እስከዛሬ አልበረደም። ልጆቼ አሜሪካ እኮ ሕግ አለ ሲሉኝ አለ እላቸዋለሁ። ያ ሰውዬም ሕጉን ከእኔ ይበልጥ ያውቀው ነበር፤ እያወቀ ነው እስክሪብቶውን ያቀበላቸው።