የፍንጭቱ ክር

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው በመቀሱ ሳይሆን በጥርሱ ነው። ስሙ ተረስቶ «ፍንጭቱ» ብቻ ቀርቷል። ክር ለመበጠስ መቀስ ማንሳት ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጎንበስ፣ ብጥስ፣ አለቀ። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱም ከሙሽርነቷ ጀምሮ ክሯን ወደ እሱ ትዘረጋለች፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ይበጥስላታል። ስለ ፍቅር አፍ አውጥተው ሲያወሩ የሰማቸው የለም። ምን ይሠራላቸዋል?

ድዱ መድማት ሲጀምር ፍንጭቱ ናቀው። «ቁስል አይነካካም» ብሎ በዚያ በኩል ማጽዳቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። የፊት ጥርሶቹም እየተራራቁ ሄዱ። ደንበኞች «አንተ ደግሞ እያረጀህ ማማርህ!» ሲሉት ደረቱን ነፋ። ቂል! ጥርሱ እኮ ቦታውን እየለቀቀ ነበር።

አንድ ቀን ኮት ሲቀመቅም ክር ነከሰና ጥርሱ ውልቅ ሊል ሲነቃነቅ ተሰማው። ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሮጣል፤ እሱ ግን ልብስ ሰፊ ነው፣ የላላ ነገር ሁሉ በክር ይጠብቃል። መስታወት ፊት ቆመና ጠንካራ የኮት ክር መርጦ የሚነቃነቀውን ጥርስ ከጎረቤት ጥርሱ ጋር አሰረው። ቋጠሮው ከማማሩ የተነሳ ለማንም ማሳየት አለመቻሉ ቆጨው።

ጥርስ ባዳ ነው፣ ልብ ሲያዝንም ይስቃል ይላሉ። የፍንጭቱ ግን ከዚያ ወዲያ ብቅ አላለም። መሳቅ የለ፣ መቀለድ የለ። ሚስቱ እንደ ልማዷ ክሯን ስትዘረጋ መቀሱን ገፋ አደረገላት።

ሴትየዋ መቀሱን አየች፣ እሱን አየች፣ ክሯን በመቀሱ ቆረጠች። ጥቂት ቀን እንዲህ ሰነበተች፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም።

«ሰለቸሁህ ወይ? ከሰለቸሁህ ንገረኝ እንጂ መቀስ አታቀብለኝ!» አለችው መቀሱን ወደ እሱ መልሳ እየገፋች።

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ክሩን አየችው። መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥሎ በሳቅ ፍርስ አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ተነስ!» ብላ ክንዱን ይዛ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ክሩን ቀስ ብላ ቆርጣ አወጣችው። «ጋሼ፣ ቋጠሮው ግሩም ነው፤ ግን ክሩ ድድዎ ሥር ገብቶ አባብሶታል።»

«ታዲያ ምን አላላው? ጥርስ እንደ ምስማር የተተከለ አይደል እንዴ?»

«አይደለም። አጥንቱ ላይ የተያዘው በቀጫጭን ክሮች ነው። እነዚያን ክሮች የሚፈትሉና የሚጠግኑ ህዋሳት አሉ፤ እንደ እርስዎ ልብስ ሰፊዎች ይበሏቸው። ድድ ሥር ቆሻሻ ሲሰነብት ሰውነት ሊዋጋው ይነሳል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ብግነት የምንለው ይሄ ነው። ጠቡ ሲረዝም ልብስ ሰፊዎቹ መጠገናቸውን ትተው ድረሱልን ይላሉ። ጩኸቱን ሰምተው ከሚመጡት መሃል ደግሞ አጥንት የሚያፈርሱ አሉ።»

«በገዛ ሰፊዎቼ ተተረተርኩ በይኛ፣ ልጄ!»

«እንደሱ ነው። የፈረሰው አጥንት በቀላሉ አይመለስም፤ ጠቡ ከበረደ ግን ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። ቢደማም ሳይፈሩ ያጽዱት። ክር መንከስ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ኋላ ከተወጋው የማደንዘዣ መርፌ ይልቅ አመመችው።

ከድዱ ሥር የደደረው ቆሻሻ ተጠረገለት፤ እሱም ጠዋት ማታ ማጽዳቱን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ከወራት በኋላ ድዱ መድማቱን ተወ፣ ጥርሱም ረጋ፣ ሳቁም ተመለሰ። ጠረጴዛው መሃል የተጋደመውን መቀስ ባየ ቁጥር ግን ሆዱ ይባባል።

አንድ ከሰዓት ኮት ቀምቅሞ ጨረሰና እጁን ወደ መቀሱ ሰደደ። መቀሱ የለም። ቀና ሲል ሚስቱ ጭኗ ላይ ሸሽጋዋለች።

«ዘርጋ» አለችው።

«ምኑን?»

«ክሩን ነዋ!»

«ሐኪሟ ከልክላለች እኮ።»

«የከለከለችው አንተን ነው» አለችና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችለት።