ሳልነካው የበራው ፍላሽ

እሁድ ከሰዓት ፉሪ አንድ ቤት የቤተሰብ ፎቶ ላነሳ ሄጄ የገጠመኝን ስሙማ...

የጠሩኝ ሰውዬ ጋሽ ማርቆስ ይባላሉ። ከሆሳዕና መጥተው እዚሁ ያረጁ አናጺ፣ የቸርች ሰው። ባለቤታቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። በስልክ ያሉኝ ይቺን ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ የባለቤቴ ካሜራ አለ። በፊልም የሚሠራ። በሱ ታነሺናለሽ?» እኔ ደግሞ ፊልም ከተባልኩ እግሬ አይቀመጥም። ሄድኩ። ሰፈሩ ውስጥ የሰርግ ድንኳን መንገዱን ስለዘጋው ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ነው የገባሁት።

ካሜራው ደህና ነው። የራሱ ፍላሽ ግን ከሞተ ቆይቷል፣ ሳሎኑ ደግሞ ጨለማ። ስለዚህ የኔን ፍላሽና ገመድ አልባ ትሪገሬን አወጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው... አንዷን ካሜራው አናት ላይ ትሰካላችሁ፣ ሌላዋ ፍላሹ ላይ ትሆናለች፣ ካሜራውን ስትጫኑ በሬዲዮ ተጠራርተው ፍላሹ ይበራል። ከአዲስ ካሜራ ጋር ትሪገሩ ብዙ ያወራል። ከአሮጌ ካሜራ ጋር የሚግባቡት ግን በአንዲት ቃል ነው፤ «አሁን!» በቃ። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ስልሳ ላይ አደረግኩት፤ ከዚያ ካለፈ የፎቶው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በፊልም ደግሞ አይቶ መድገም የለም።

ሶፋው ላይ ጋሽ ማርቆስ፣ ልጃቸው ጽዮን፣ ባሏና ልጆቿ ተደርድረዋል። በሩ ጋ አንዲት ሴት ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል። እትዬ አስቴር ይባላሉ፣ ከጋሽ ማርቆስ ጋር አንድ ቸርች የሚያገለግሉ፣ እሳቸውም ባላቸው የሞቱባቸው።

ጋሽ ማርቆስ «አስቴር፣ ነይ እዚህ ጋ» ሲሉ ጽዮን ብድግ አለች።

«በእማዬ ካሜራ? እሷ?»

«ጽዮን...»

«አባዬ፣ ልታገባት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አግባ! ግን እኔን ከሷ ጋ ፎቶ አታስነሳኝ። ቤትህም አልመጣም።»

ወይ ጉድ! እኔ ፎቶ አንሺ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም። ካሜራውን የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ። እትዬ አስቴር ቦርሳቸውን አነሱ።

«ግድ የለም ማርቆስ፣ እኔ ልሂድ» አሉ።

ጋሽ ማርቆስ አልተቆጡም። «ቆዪ፣ እንጸልይ» አሉ። እዚያ ቤት ደግሞ «እንጸልይ» ከተባለ ጠብም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፣ ልጆቹም ጭምር። እኔ ብቻ ፈጥጬ ቀረሁ።

«ጌታ ሆይ፣ ብቸኝነቴን ታውቃለህ። ልጄንም ማጣት አልፈልግም። ይሄ ጋብቻ ካንተ ካልሆነ ከልቤ አውጣው። ካንተ ከሆነ ግን...»

ብልጭ!

ሳሎኑ ነጭ ሆነ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጣቴ ካሜራው ላይ እንኳን አልነበረም!

«ሃሌሉያ!» አለ የጽዮን ባል። ብርሃኑ በጨፈኑት ዓይን ሳይቀር ታይቷቸዋል። ጽዮን ወደኔ ዞረች።

«አነሳሽን እንዴ?»

«ኧረ አላነሳሁም!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ካሜራውን አየሁት፣ አልተነካም።

ነገሩን የጨረሰው ያ መልሴ ነው። ጽዮን እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ እንባዋ መጣ። ሄዳ እትዬ አስቴርን በእጃቸው ይዛ አመጣችና አባቷ ጎን አስቀመጠቻቸው። እኔም ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ ቶሎ ቶሎ አነሳኋቸው።

ምግብ ሊያቀርቡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ዕቃዬን መሰብሰብ ያዝኩ። ፍላሹ እጄ ላይ እንዳለ... ብልጭ! ወዲያው ከአጥሩ ማዶ እልልታ። ሙሽሮቹ ገና መግባታቸው ነው። ደግሞ ብልጭ! በመስኮት ሳይ ድንኳኑም እኩል ብልጭ ይላል።

ያኔ ገባኝ። የሰርጉ ፎቶ አንሺ የኔው ዓይነት ትሪገር ይዟል። ሁለታችንም ከፋብሪካ እንደመጣ ቻናል አንድ ላይ ትተነዋል፤ ማን ቻናል ይቀይራል? ቅድም ሙሽሮቹ ሳይመጡ ዕቃውን ሲሞክር ነው የኔም ፍላሽ አብሮ የበራው። ለማረጋገጥ የኔን ትሪገር ቁልፍ ጫን አደረግኩት። ድንኳኑ ውስጥ በራ። «ኧረ ይሄ ዕቃ ምን ሆኗል!» የሚል የወንድ ድምፅ ተሰማ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ሆዴ እንቢ አለኝ... ሰው በኔ ፍላሽ ትዳር ይመሥርት? ጋሽ ማርቆስን ወደ በረንዳ ጠራኋቸውና አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ፊታቸው ጥቁር አለ። በጣም አሳዘኑኝ። ወደ ጓዳው ዞረው «ጽዮን! ነይ እስቲ!» ብለው ተጣሩ።

«ጋሼ፣ ባንነግራትስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«በውሸት እሺ እንድትለኝ አልፈልግም። ንገሪያት ልጄ።»

ነገርኳት። ትሪገሩን፣ ቻናሉን፣ ድንኳኑን። እትዬ አስቴር ከኋላዋ ሰሃን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። ጽዮን አንዴ እኔን፣ አንዴ አጥሩን አየች።

«ቆይ... መብራቱ የመጣው ከሰርጉ ነው?»

«አዎ።»

«ከሰርግ?»

ሳቋ ፈነዳ። ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። «አባዬ፣ ስለ ጋብቻ ጠየቅኸው፣ ከሰርግ ቤት መለሰልህ! ከዚህ በላይ ምን ያድርግልህ፣ የጥሪ ካርድ አሳትሞ ይላክልህ?»

እኔ ስለ ሬዲዮ ሞገድ የማስረዳው ገና ይቀረኝ ነበር... ግን ማን ሊሰማኝ!