የሌሉ ሰዎች ሰይፍ

ስደተኛ የሚወጣው በጨለማ ነው ይባላል። እኔ ግን የወጣሁት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ ነው። እንዲህ አድርግ ያለችኝ ባለቤቴ ዘውዴ ናት። በሌሊት የወጣ ሸሸ ይባላል፣ በቀን ዘንቢል ይዞ የወጣ ግን ገበያ ሄደ ነው የሚባለው አለችኝ። ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አንድ ከረጢት በሶ ነበር። በፋብሪካችን የሠራተኞች አቤቱታ ላይ ከፈረምነው ሦስት ሰዎች ሁለቱ በዚያ ሳምንት ተወስደዋል፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ልጃችን ማርታ ትምህርት ቤት ስለነበረች ሳልሰናበታት ሄድኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት አቅቶኛል።

ከደሴ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነበርና ማጭድ ገዝቼ ከአጫጆቹ ጋር ተቀላቀልኩ። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ብረት የቀረጸ እጅ ማጭድ ሲይዝ እንዴት እንደሚያስቅ ብታዩ! አንዱ አጫጅ አይቶኝ አይቶኝ፣ ጋሼ እርስዎ የሚያጭዱት ሰሊጡን ነው ወይስ እግርዎን ብሎ ጠየቀኝ። ብቻ ድንበሩን ከእነሱ ጋር ተሻገርኩ፤ ከገዳሪፍ ደግሞ በማሽላ ጭነት ላይ ተቀምጬ ካርቱም ገባሁ።

ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሐበሻው በሚበዛበት በኩል፣ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ለባለቤቱ ለሐጁ መስኮት የለውም እኮ ብላቸው፣ መስኮት ምን ያደርግልሃል፣ የሚገባው አቧራ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ እናንተ ጉም ለብሳችሁ በቆሎ ስትጠብሱ፣ እዚህ ከሰማይ የሚወርደው አፈር መሆኑን ሳይ ሐጁን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምግቡን ከጠየቃችሁኝ ኪስራ የሚሉት አለ፤ እንደ እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ግን ስስ ነው፣ ዓይንም የለውም። በበላሁት ቁጥር የማውቀው ሰው መስሎኝ የማላውቀውን ሰው ሰላም ያልኩ ያህል ይሰማኛል።

ሥራ ያገኘሁት አል-ጣኢፍ የሚባል የካርቱም ሰፈር ነው፤ ገፊር ሆንኩ፣ ዘበኛ ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ባሏ የሞተባት ሐኪም ናት፣ ዶክቶራ አምና እንላታለን። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሰልማ የምትባል፣ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ያጣች። ሰልማ ዓም አስናቀ ትለኝ ነበር፣ አጎቴ ማለቷ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እናቷ ክሊኒክ ስትሆን ሦስት ጓደኞቿ ይመጣሉ፤ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች። በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ለእማዬ አትንገርብኝ አለችኝ፤ እኔም አልተናገርኩም። እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ዘመድ ያልሆኑ ወንድና ሴት በር ዘግተው ከተገኙ የሥርዓት ፖሊሱ ምን እንደሚያደርግ፣ ሴት ልጅ በጅራፍ እንደምትገረፍ።

የሚሠሩት ግን ጨዋታ ነበር። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠራ ሰው ይይዛሉ። ተራኪው ዋሻ ደረሳችሁ፣ ጭራቅ ወጣባችሁ ሲል፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካቱን የሚወስነው በየጎኑ ቁጥር የተጻፈበት፣ የሚወረወር ባለ ሃያ ጎን ጠጠር ነው። ሰልማ የራሷን ጨዋታ እየጻፈች ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስለ ጥንት የጀርመን ሰይፎች የተጻፈ መጽሐፍ አግኝታ፣ ሥዕሉ ማርኳት፣ ንባቡ ግን በጀርመንኛ ሆኖባት ተቀምጣለች። አንድ ዓርብ ሻይ ሳስገባ መጽሐፉ ተገልጦ አየሁና ከሥዕሉ ሥር ያለውን አነበብኩላቸው። ጀርመንኛ ከየት አመጣህ አለችኝ ሰልማ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት ቶርኖ ተምሬያለሁ አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ይሰጡኝ ጀመር።

ካርቱም ከገባሁ ሰው ሲያስቀምጠኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዚህ ይሆናል ነገሩ ውስጥ እስከ አንገቴ የገባሁት።

ሥራችን እነዚያን ሰይፎች ለጨዋታው እንዲሆኑ ወደ ቁጥር መለወጥ ነበር። ዑመር የሚባለው ልጅ በሁለት እጅ የሚያዘው ላንግሽቬርት እንደ ጆንያ ይከብዳል፣ ስለዚህ የያዘው ሰው ይዘግይ አለ። መጽሐፉ ግን ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል አያልፍም ይላል። ስላላመነኝ መጥረጊያ አመጣሁና ብረት አንድ ጊዜ ጫፉ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከእጄ አጠገብ አስሬ አስወነጨፍኩት። የሚያደክመው ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው አልኩት፤ ቶርኖ ያስተማረኝ እሱን ነው። ስለዚህ የላንግሽቬርቱ ምት የሚያደርሰውን ጉዳት ስድስት ነጥብ ብቻ አደረግነው፣ ግን በዚያው ዙር መምታትም መከላከልም እንዲችል ፈቀድንለት። አጭሩ ካትስባልገር በጠባብ ቦታ ሁለት ነጥብ ይጨመርለት ተባለ፤ ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ ረጅሙ መወንጨፊያ ያጣልና። እኔ የወደድኩት ግሮሰስ መሰር የሚሉትን ነው፣ ትልቅ ቢላዋ ማለት ነው። ርዝመቱ የሰይፍ ነው፤ እጀታው ግን እንደ ቢላዋ ስለተሠራ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሰይፍ የማይፈቀድለት ተራ ሰው ይታጠቀው ነበር። በጨዋታው ውስጥ እሱን የያዘ ሰው የከተማ በር ጠባቂ አያስቆመውም ብለን ጻፍን።

እኔን ግን አስቆሙኝ። የሰይፎቹን ወረቀቶች ክፍሌ ወስጄ፣ ለሰልማ ለመተርጎም እንዲቀለኝ መጀመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ከቦርሳዬም አይለዩም። አንድ ጠዋት ለጓደኛዬ መድኃኒት ላደርስ ወደ አል-ሳሃፋ ሰፈር ስሄድ ከሻ ገጠመኝ፤ ፖሊስ የውጭ ዜጋ የሚያፍስበት ነው። የስደተኛ ካርቴ ለእድሳት ገብቶ በእጄ ያለው ደረሰኝ ብቻ ነበር። ቦርሳዬን ሲከፍቱ ስድስት ገጽ ሙሉ የሰይፍ ሥዕል ወጣ፣ አጠገቡ ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ በማያውቁት ፊደል ጽሑፍ። ከሌሎቹ ተለይቼ፣ ከነቦርሳዬ ለብቻዬ ተጫንኩ።

መኮንኑ፣ በእነሱ አጠራር ጀናቡ፣ ወጣት ነው፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ግራ ገብቶት ነበር። ይህ ቃል ምን ይላል አለኝ ጣቱን አሳርፎ።

«ጉዳት ይላል፣ ጀናቡ።»

«በማን ላይ?»

«በጭራቅ ላይ።»

ጸሐፊውን ቀና ብሎ አየው፤ ጸሐፊው መጻፍ አቆመ። በአገርህ ጭራቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ጨዋታ ነው ብዬ አስረዳሁት። ግርጌው ላይ ወደ ተጻፉት አራት ስሞች ዞረ። እነዚህ ተባባሪዎችህ የት ነው የሚኖሩት አለ። የሉም፣ የፈጠራ ሰዎች ናቸው አልኩት።

«የሌሉ ሰዎች ሰይፍ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ ነበረኝ። የእከሊትን ልጅ ጠይቋት፣ ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወተዋለች ብል እወጣ ነበር። በማግስቱ መኪና ተሞልቶ ወደ ድንበር እንደሚሄድ ሰምቻለሁ፤ ድንበሩ ማዶ ደግሞ ማን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። አፌን ከፍቼ ስሟ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፈሪ ነኝ፤ ጀግንነት አልነበረም። ሳልሰናበታት የወጣኋት ልጄ ፊቴ መጣችብኝና ስሙን ዋጥኩት።

ጨዋታው የኔ ነው፣ ብቻዬን ነው የምጫወተው አልኩት። በዚህ ዕድሜህ አለ። አዎ ጀናቡ፣ ሥራዬ ዘበኝነት ነው፣ ቀኑ አያልቅም አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ደፍሬ ልቡን ለማለስለስ ብዬ፣ በአገራችሁ ያሉ የአያቶች ሰይፎችም ስለታቸው ብዙ ጊዜ ከጀርመን የመጣ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። የአያቴ ሰይፍ ሱዳናዊ ነው አለኝ። ጀርመኖቹ ከእናንተ ኮርጀው ይሆናል ብዬ ላስተካክል ሞከርኩ፤ አልተስተካከለም። ሁለት ቀን ጨመረልኝ፤ በዚያ መሃል የድንበሩ መኪና ያለ እኔ ሄደ።

ዋስ፣ ዳሚን የሚሉት፣ ካልመጣ አትወጣም ተባልኩ። የአሠሪዬን ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ዶክቶራ አምና መጣች፤ ነጭ ቶብ ለብሳ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ፈረመች። መኮንኑ ወረቀቶቹን በመገረም አሳያት። ያ ነው ያልጠበቅኩት። በአማርኛዬ ዳርቻ ላይ፣ ስተረጉምላት እየሰማች ሰልማ በዓረብኛ የጻፈቻቸው ማረሚያዎች ነበሩ፤ መኮንኑ የኔ መስሎት አልፏቸዋል፤ እናት ደግሞ የልጇን የእጅ ጽሑፍ ታውቃለች። ለመኮንኑ ግን ምንም አላለችም።

በመኪናዋ እስከ ቤቷ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ሞተሩን አጥፍታ የልጄን ስም አልጠራህም፣ ይህን አልረሳልህም አለችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«የራስህ ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ በሩን ትከፍትላቸው ነበር?»

አልከፍትም ነበር። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበትኩ። ሰልማ በላይኛው መስኮት ቆማ ስታየኝ አየኋት፤ እንድትወርድ አልተፈቀደላትም መሰለኝ፣ ወይም ፈርታ ይሆናል። አልጠላኋቸውም። ቂም ቢኖረኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን አል-ሳሃፋ፣ ወርሻ በሚሉት አንድ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ የብረት በር እበይዳለሁ። ከወራት በኋላ ሰልማ ያለቀውን ጨዋታ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰይፎቹ ሁሉ አሉ፣ ስሜ የለም፤ ቢኖርም አያዋጣኝም ነበር። የላንግሽቬርቱን ጉዳት ግን ስምንት አድርጋዋለች። ስድስት ብለን ተስማምተን አልነበር እንዴ? ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ፤ የተናደድኩት በእሱ እንዳልሆነ የገባኝ ማታ ነው።

ባለፈው እሑድ ለዘውዴ ደወልኩ። መታሰሬን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ማርታ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ነገረችኝ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ ቃል በቃል፣ ያ ጉዳይ ተረስቷል፣ ማንም አይጠይቅህም፣ ወደ ቤትህ ተመለስ አለችኝ።

ዘውዴን ሃያ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። እንዲህ ተስተካክላ ተናግራ አታውቅም።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አልኳት።

ከኋላዋ ወንበር ሲንቀሳቀስ የሰማሁ መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«ማንም የለም» አለች። «ና።»

እሺ፣ ኢንሻአላህ አልኳት፤ በዓረብኛ መመለሴን ያወቅኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።