ሳፋ ይዛችሁ ኑ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ብተኛ “አሁንም ተኝተሻል?” እባላለሁ፤ ብነሳ “ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?” እባላለሁ። ምንም ሳላደርግ ከተቀመጥኩ ደግሞ የሚላጥ ሽንኩርት ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ስመለስ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ “የወጣቶች ስኖርክሊንግ ክለብ ምዝገባ ጀምሯል” የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳላውቅ ገብቼ ተመዘገብኩ። ከቤት የሚያስወጣ ነገር መሆኑ በቂዬ ነበር።

ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የነገረን አሠልጣኙ ነው። ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ በዝናብም በቁምጣ የሚሄድ ልጅ ነበር። ሰው ውሃ ላይ በሆዱ ይንሳፈፋል፤ ፊቱን ውሃ ውስጥ ይደፋል፤ በመነጽሩ ከታች ያለውን ያያል፤ ጫፉ ከውሃው በላይ በቆመ ቱቦ ይተነፍሳል። በቃ ይኸው ነው።

“ከታች ምን አለ?” ብሎ ጠየቀ አንዱ ልጅ።

“እዚህ ገንዳው ውስጥ ሴራሚክ አለ” አለ አሠልጣኙ ሳያፍር። “ከመስቀል በኋላ ግን ላንጋኖ እንሄዳለን። እዚያ ዓሣ አለ።”

ገንዳው ላፍቶ ውስጥ ያለ የአንድ ሆቴል ገንዳ ነው። ክረምት ላይ ጤነኛ የአዲስ አበባ ሰው እዚያ ውሃ ውስጥ ስለማይገባ ለኛ ለመስጠት አልከበዳቸውም። አሠልጣኙ ራሱ ባሕር አይቶ እንደማያውቅና ሙያውን ከስልኩ ላይ በቪዲዮ እንደተማረ የሰማሁት ቆይቼ ነው።

የወላጅ ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር ወረቀቱን ቤት ወሰድኩት። እናቴ አነበበችውና መነጽሯን አወለቀች። “ፊትሽን ውሃ ውስጥ ደፍተሽ ልትንሳፈፊ? ሰው እንደዚያ የሚሆነው እኮ ሰምጦ ሲሞት ነው።” አባቴ ከሥራ ሲገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጎፋ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም። ሁለቴ አነበበው፤ ከዚያ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ባሕር” አለ።

እናቴ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምን እንደሚከተል ታውቃለች።

አባቴ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት የተረፈው አንድ ወሬ ነው፤ ወሬውም ስለ አንድ ዓሣ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አባቴ ውሃው ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ሲያይ ዓሣው ይመጣል። ቀይ ነው። ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር አለው፤ ጅራቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከክንፉ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ አለችው። ከሁሉም ከሁሉም ግን አንዱ ዓይኑ ከሌላው ይተልቃል፤ እሱም ሰውን ቀጥ ብሎ ያያል። ዓሣው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ያያል፣ ይሄዳል። አባቴ ግን ይህን ሲያወራ ድካሙ ሁሉ ከፊቱ ላይ ይጠፋ ነበር። እናቴ ደግሞ ጥቁሯ ነጥብ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዛት ነበር።

ፈረመና ወረቀቱን ሰጠኝ። “የኔ እየደበዘዘብኝ ነው” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንቺ ሂጂና አንድ ዓሣ አይተሽ ንገሪኝ።”

እኔ የሄድኩት ከሽንኩርት ለማምለጥ ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ አንድ ዓሣ ሳላይ ቤት መግባት የማልችል መሰለኝ።

ልምምዱ ሊጀመር ሲል ሆቴሉ ገንዳውን ሊያጥብ ውሃውን አፈሰሰው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። አሠልጣኙ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም፤ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ “ነገ ጠዋት ሳፋ ይዛችሁ ኑ” ብሎ ጻፈ።

ቁም ሳጥናችን ላይ በአንሶላ የተጠቀለለ የብረት ሳፋ እንዳለ አውቅ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ልይዘው ስል እናቴ ደረሰችብኝ።

“ውረጂ። እሱ ለእንግዳ ነው።”

“የትኛው እንግዳ ነው በሳፋ የሚታጠበው?”

“ውረጂ አልኩሽ።”

ልብስ የምትዘፈዝፍበትን የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳፋ ሰጠችኝ። ስለዚህ እኔ ስኖርክሊንግ የተማርኩት በሳሙና ሽታ ነው። ሰባት ነበርን። ከሆቴሉ ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ ሳፋችንን ደርድረን፣ በየሳፋችን ፊት ተንበርክከን፣ መነጽሩንና ቱቦውን እየተዋዋስን ፊታችንን እንደፋለን። አሠልጣኙ በጆግ ውሃ እየሞላልን በመካከላችን ይመላለሳል። “አትቸኩሉ። በአፋችሁ ተንፍሱ። ቱቦውን አትንከሱት” ይላል።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። መኪና ማቆሚያው ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቆመው አዩን፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ አማተቡና አሠልጣኙን “የማን ጸበል ነው ልጄ?” አሉት።

“ጸበል አይደለም እማማ፤ ስፖርት ነው።”

“ይሁን” አሉ። “ለኔም ጉልበቴ ላይ ጠብ አድርግልኝ።”

ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ሴትዮዋ እርጥብ ፊት ያላቸውን ሰባት ተንበርካኪዎች አዩ፤ ከዚያ ጆግ የያዘውን ልጅ አዩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደበቀኝ ብለው ተቀየሙት። በመጨረሻ ከቧንቧ ቀድቶ በያዙት ባዶ ፕላስቲክ ሞላላቸው። በማግስቱ አራት ሆነው መጡ። በሳምንቱ አንደኛዋ ጉልበታቸው እንደተሻላቸው ነገሩን፤ አሠልጣኙም ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱን ተወው። ወሬው እናቴ ጋም በቅዳሴ መልስ ደርሶ ኖሮ፣ ስለ ክለቡ ክፉ መናገር አቆመች። አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር።

“ዋጥሽ?”

ምክንያቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። አንድ ጉንጭ የሳፋ ውሃ ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለው ጉዳይ ክለባችንን ለሁለት ከፈለው። ግማሾቹ ሳይታሰብ የተዋጠ አይቆጠርም አሉ። እኔ በየቀኑ እውጥ ነበር፤ በየቀኑም “አልዋጥኩም” እል ነበር። ገንዳው ተሞልቶ ስንገባም ረቡዕና ዓርብ ውሸቱ ቀጠለ፤ ልዩነቱ ብርዱ ብቻ ነው። ከገንዳው ስወጣ ከንፈሬ ስለሚጠቁር ያየኝ ሁሉ ያዝንልኝ ነበር። ቢሆንም መተንፈስ ቻልኩ። መስከረም ሲጠባ ከሰባታችን እንደኔ አድርጎ ረጅም ሰዓት ሳይነሳ የሚንሳፈፍ አልነበረም፤ የገንዳውን ሴራሚክ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ከመስቀል በኋላ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ላንጋኖ ሄድን። ሰባት ስኖርክል የምናደርግ፣ አሥራ ሰባት ደግሞ ቤተሰብ። ልጁን ብቻውን ወደ ሐይቅ የላከ ወላጅ አልነበረም። እናቴ የመጣችው “ለማንኛውም” ብላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግልጽ ስለነበር አልጠየቅኳትም። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ጠይቆ የማያውቀውን ፈቃድ ጠይቆ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ኩርቱ ፌስታል ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣ።

ላንጋኖን የመረጥነው ውሃው በሽታ የለበትም ስለሚባል ነው። ቀለሙን ግን ማንም አላሰበውም። ሰባታችንም ወላጆቻችንም አሠልጣኛችንም ዳርቻው ላይ ቆመን ቡናማውን ሐይቅ አየን። አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገና “መሐሉ ላይ ይጠራል” አለ።

ሦስት መነጽር ብቻ ስለነበረን በተራ ገባን። የመጀመሪያው ልጅ ሲወጣ እናቱ ፎጣ ይዛ ጠበቀችው። “አየህ?” አለችው። አሥራ ሰባት ሰው ያየዋል። “አዎ” አለ። ትንሽ ዓሣ አየሁ አለ። ሁለተኛዋ መካከለኛ ዓሣ አየች። አራተኛው ላይ ስንደርስ ዓሣዎቹ በቡድን ይሄዱ ነበር፤ አምስተኛው ኤሊ ጨመረበት። ወላጆች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ተራዬ ሲደርስ ገብቼ ፊቴን ደፋሁ። የወተት ሻይ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እጄን ወደ መነጽሩ አስጠጋሁት፤ ጣቶቼ የሉም። ራቅ ብዬ ሄድኩ፤ መሐሉም አይጠራም። ያን ሁሉ ጊዜ የተማርኩት መተንፈስ እንደ ሰዓት ይሄዳል፤ የማየው ግን ምንም። ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ። በመነጽር ውስጥ ማልቀስ ለማንም አልመክርም፤ ዕንባው መውጫ የለውም።

አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኝ ነበር። ሌሎቹ ወላጆች ወደ ምግቡ ሄደዋል። ቀይ፣ ቢጫ መስመር ያለው፤ ውሸቱን በልቤ ይዤ ነበር የመጣሁት።

“አየሽ?” አለኝ።

ፊቱን ሳይ አፌ እምቢ አለ። “ምንም አላየሁም አባዬ። እጄን እንኳን አላየሁም።”

ወደ ሐይቁ ዞረ። “እኔም” አለ።

“ከዚህ አይታይማ።”

“እዚህ አይደለም። ምጽዋ ነው የምልሽ።” ውሃውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። “ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦ ነው የጋገርኩት። ልጆቹ ጠዋት ሲዋኙ እኔ ምድጃው ፊት ነኝ፤ ከሰዓት ሲዋኙ ሊጥ አቦካለሁ። ባሕሩን በመስኮት ነው የማውቀው። ዋናም አልችልም።”

“ታዲያ ዓሣው?”

“እናትሽን ጠይቂያት” ብሎ ወጣ።

በጣም ተናደድኩ። ለዚህ ነው ሁለት ወር ገደማ የሳፋና የገንዳ ውሃ የዋጥኩት፣ ስለ ጾሙም የዋሸሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ከእሱ ጎን አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከመቂ እስከ ሞጆ ድረስ ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች።

ቤት ስንገባ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ወጣች። የብረቱን ሳፋ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችና አንሶላውን ፈታች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሳፋው ውስጥ፣ ሥሩ ላይ የተሳለ ዓሣ አለ። ቀይ ነው። ጀርባው ላይ ቢጫ መስመር አለው፤ ጅራቱ ለሁለት ተከፍሏል። የሳለው ሰው እጁ ስቶት ኖሮ አንዱ ዓይኑ ከሌላው ተልቆ ወደኔ ያፈጣል። ከክንፉ ሥር ቀለሙ ተላልጦ የዛገች አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች።

“ከምጽዋ ገበያ ገዝቶት የነበረውን ሲያጨኝ አመጣልኝ” አለች እናቴ። “ያኔ ዓሣ አይቻለሁ ምናምን አላለኝም፤ ሳፋ ነው ያለኝ። ዓሣው መዋኘት የጀመረው አንቺ ተወልደሽ አልተኛም ስትዪ ነው።”

አባቴ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። ሊቆጡት እንደተዘጋጁ ልጅ ወደ መሬት ያያል። ንዴቴን ፈለግሁት፤ የለም። ከዱቄት ጋር ውሎ መጥቶ እኔን ለማስተኛት ከሳፋ ውስጥ ባሕር ያወጣ ሰው ላይ እንዴት ነው የሚቆየው።

ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እስከ አፉ ውሃ ሞላሁት። በማግስቱ የምመልሰውን መነጽርና ቱቦ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

“ና አባዬ፣ ተንበርከክ” አልኩት።

ተንበረከከ። መነጽሩን አጠለቅሁለት። “አትቸኩል። በአፍህ ተንፍስ። ቱቦውን አትንከሰው።”

ፊቱን ደፋ። ቱቦው ከማጅራቱ ጎን ቆሞ ይተነፍሳል። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ፤ አይነሳም። “ኧረ ይሄ ሰውዬ” አለች እናቴ፤ ጠጋ ብላ እጇን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርጋ ትንፋሹን ለካች።

በመጨረሻ ቀና አለ። ውሃው ከአገጩ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል።

“አየሁት” አለ።

“ጥቁሯን ነጥብስ?” አለች እናቴ። አሁን ግን ሳል አልያዛትም።

“ቆይ” አለና ፊቱን መልሶ ደፋ።